ዳገት ላይ ዝቅ፣ ቁልቁለት ላይ ከፍ፦ የአንድ ልብስ ሰፊ ሰዓትና ልብ

«መምህር፣ ልቤ ተገልብጧል መሰለኝ።»

ሰላምታ እንኳ አልጨረስንም ነበር። ደሴ ፒያሳ፣ የልብስ ስፌት ሱቃቸው በር ላይ ነው የያዙኝ። አንገታቸው ላይ ሜትር ተንጠልጥሏል። ግራ እጃቸው ላይ ጥቁር ስማርት ሰዓት አስረዋል። ልጃቸው ከዓረብ አገር ነው የላከችላቸው።

«እንዴት ብሎ ተገለበጠ ጋሼ?»

«ጦሳ ተራራን ስወጣ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ሰዓቱ ግን ግራጫ ነው፤ ምንም አልሠራህም ይለኛል። ስወርድ ደግሞ እያፏጨሁ ነው የምወርድ። ያኔ ብርቱካናማ ይሆንና እጄ ላይ ይንቀጠቀጣል። ሰው ሲወጣ ነው እንጂ ሲወርድ ልቡ እንዲህ ይመታል እንዴ?»

እኔ የስፖርት መምህር ነኝ፤ ሐኪም አይደለሁም። ግን ጥያቄያቸው ያዘኝ። ሌላ ሰው ቢሆን «ሰዓቱ ተበላሽቷል» ብሎ መሳቢያ ውስጥ ይወረውረዋል። እሳቸው ግን የልብስ ሰፊ ዓይን አላቸው፤ ልኬቱና ልብሱ ካልተገናኙ ዝም ብለው አያልፉም። ስማቸውን እንዳልጽፍ፣ ታሪኩን ግን እንድጽፈው ተስማምተናል። የአምስት ሳምንት ነገር ነው። ቁጥሮቹን ከደብተሬ ነው የገለበጥኋቸው።

ጋሼና ጦሳ

ዕድሜያቸው 56 ነው። ቀኑን ሙሉ ሲንጀር ላይ ተቀምጠው ይውላሉ። ከሁለት ዓመት በፊት የደም ግፊት እንዳለባቸው ተነገራቸው። ሐኪሙም እንዲንቀሳቀሱ መከራቸው። እሳቸው ምክሩን በደሴ ልክ ተረጎሙት። በሳምንት ሦስት ቀን ከሱብሂ በኋላ ጦሳን መውጣት ያዙ።

ደሴ ራሷ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው የተቀመጠችው። ጦሳ ደግሞ ከዚያ በላይ ሆኖ ከተማዋን ቁልቁል ያያታል። እዚህ ሜዳ ላይ መሮጥ ቅንጦት ነው። ሆጤ ሜዳ ካልወረድክ በቀር ከቤት ስትወጣ የሚጠብቅህ ወይ ዳገት ነው ወይ ቁልቁለት። አየሩም ሳሳ ያለ ነው፤ በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ባሕር ጠረፍ ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ከቆላ የመጣ እንግዳ ደረጃ ሲወጣ ልቡ ድው ድው የሚለው ለዚህ ነው። እዚሁ ተወልዶ ያደገ ሰው ሰውነቱ ለምዶታል። ስለዚህ ከፍታው የጋሼን ጥያቄ አይመልስም። መጀመሪያ የጠረጠርኩት እሱን ስለነበር ነው ያነሳሁት።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ጠየቅኋቸው። «የሚወስዱት መድኃኒት አለ?»

«ምንም የለ፣ አልሐምዱሊላህ።»

ጻፍኩት። ይህን መልስ ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

የመጀመሪያው ጠዋት

ኅዳር ነበር። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ጋሼ ጋቢያቸውን ጥለው በቱታና በአሮጌ ማልያ መጡ። እኔ የያዝኩት ስልኬን፣ ደብተርና እስክሪብቶ ብቻ ነው።

ያደረግነው ቀላል ነው። መንገድ ላይ በየመሀሉ እንቆማለን። እሳቸው ሰዓቱ ላይ ያለውን ቁጥር ጮክ ብለው ያነባሉ። እኔ በዚያው ቅጽበት በሌላኛው እጃቸው አንጓ ላይ፣ ከአውራ ጣት በታች፣ ሁለት ጣቴን አሳርፌ 15 ሰከንድ እቆጥራለሁ። ከዚያ በአራት አባዛለሁ። በአውራ ጣት መቁጠር አይሆንም፤ የራሱ ትርታ ስላለው ያምታታል። አንገት ላይም በዕድሜ የገፋ ሰው ባይቆጥር ይሻላል፤ ጫን ካሉት ልብን ራሱ ሊያዘገየው ይችላል።

ፍጥነትም ያስፈልጋል። ልብ እንደ ሲንጀር ፔዳል ነው፤ እግርህን ስታነሳ ወዲያው መዘግየት ይጀምራል። ከቆሙ በኋላ ላቡን ጠርጎ፣ ውሃ ጠጥቶ፣ ከዚያ የሚቆጠር ትርታ የሩጫው ትርታ አይደለም።

ዳገቱ መሀል ላይ ሰዓቱ 114 አለ። በጣቴ 29 ቆጠርኩ፤ 116 ማለት ነው። ትንሽ ከፍ ብለን 121 አለ። በጣቴ 30፣ ማለትም 120። በ15 ሰከንድ ቆጠራ የአንድ ምት ስህተት አራት ሆኖ ስለሚወጣ፣ ይህ ተመሳሳይ ቁጥር ነው ማለት ይቻላል። ሰዓቱ ልክ ነበር።

ግን ሰውዬውስ? «ትናንት የሰፉትን ይንገሩኝ እስቲ» አልኳቸው።

«አንድ… ሱሪ… የ…» ብለው እጃቸውን አወዛወዙ። ተወኝ ነው። ግንባራቸው ላይ ላብ ወርዷል። ትንፋሻቸው ይሰማል። እንዲህ የሚያለከልክ የ56 ዓመት ሰው 120 ላይ? አልገባኝም። ሰዓቱ ትክክል ነው፤ ሰውዬውም እውነት ደክሟቸዋል። በደብተሬ ጥግ የጥያቄ ምልክት አድርጌ አለፍኩ።

ስንወርድ ነገሩ ተገለበጠ። ጋሼ እጃቸውን እያወናጨፉ በአጭር በአጭር እርምጃ ሶምሶማ ይወርዳሉ። ወሬም ያወራሉ። ስለ ሰኞ ገበያ የጨርቅ ዋጋ፣ ስለ አንድ ኮቱን ሰጥቶ ስለጠፋ ደንበኛ። ሰዓቱ 161 አለ። ቆሙ። በጣቴ 24፤ ማለትም 96።

ደግመን ሞከርን። ሰዓቱ 158፣ ጣቴ 96። አሁንም ደገምን። ሰዓቱ 163፣ ጣቴ 100።

የ60 ምት ልዩነት ጥቃቅን ስህተት አይደለም። ከሰማይ የወረደም አይመስለኝም፤ የሆነ ነገር በደቂቃ 160 ጊዜ እየተንቀሳቀሰ መሆን አለበት። «እስቲ እንደነበሩት ይውረዱልኝ» ብዬ ከኋላ ቀረሁ። እግራቸውን ቆጠርኩ። በ15 ሰከንድ 40 እርምጃ። በአራት ሲባዛ 160።

«ጋሼ፣ ሰዓቱ ልብዎን አይደለም እየቆጠረ ያለው። እግርዎን ነው።»

ዳገት ላይስ ሲቆጥር የነበረው የቱን ነው? በሚቀጥለው ቀን ስንወጣ እሱንም ቆጠርኩ፤ በ15 ሰከንድ 22 እርምጃ፣ 88 መሆኑ ነው። ሰዓቱ ግን 116 አካባቢ ነበር። ስለዚህ ዳገት ላይ የሚያነበው በእርግጥ ልብን ነው። ይህን ሳላረጋግጥ ብተው ኖሮ የመጀመሪያው ግጥጥሞሽ ምንም ዋጋ አይኖረውም ነበር። እርምጃና ምት በአጋጣሚ እኩል የሚሆኑበት ጊዜ አለና።

ሰዓቱ እንዴት ይሳሳታል

ሰዓቱን አውልቃችሁ ሆዱን ብታዩት አረንጓዴ መብራት ብልጭ ብልጭ ይላል። ደም አረንጓዴ ብርሃን ይውጣል። ልብ በመታ ቁጥር አንጓ ላይ ያሉት ጥቃቅን የደም ሥሮች ደም ሞላ ይላሉ፤ ያኔ የሚመለሰው ብርሃን ያንሳል። ከዚያ ይቀንሳሉ፤ ብርሃኑ ይጨምራል። ሰዓቱ ይህን ከፍ ዝቅ ነው የሚቆጥረው። ብልህ ነገር ነው።

ችግሩ፣ ብርሃኑን ከፍ ዝቅ የሚያደርገው ደም ብቻ አለመሆኑ ነው። እጅ ሲወዛወዝ ሰዓቱ ቆዳ ላይ ይንሸራተታል፤ ብርሃኑም አብሮ ይዋዥቃል። እርምጃ ደግሞ እንደ ልብ ምት ወጥ ነው፤ ድው፣ ድው፣ ድው። የእርምጃው ምልክት ከደሙ ሲበረታ ሰዓቱ የሚከተለው እሱን ነው። ሯጮች የሚያማርሩት የታወቀ ነገር ነው፤ ብዙ ሯጭ በደቂቃ ከ150 እስከ 180 ስለሚራመድ ቁጥሩ ሲታይ የሩጫ የልብ ምት ይመስላል። ያታልላል።

የጋሼን ነገር ያባባሱት ሁለት ናቸው። አንደኛው ብርዱ ነው። በብርድ ጊዜ ቆዳ ላይ ያሉ የደም ሥሮች ይኮማተራሉ። ደሙ ወደ ውስጥ ይሸሻል። ሰዓቱ የሚያየው ነገር ያንሰዋል። ሁለተኛው አስተሳሰራቸው ነው። ዕድሜ ልካቸውን የሰንሰለት ሰዓት ያሰሩ ሰው ናቸው፤ ላላ አድርገው፣ አንጓው አጥንት ላይ እየተንከባለለ። ስማርት ሰዓቱንም እንደዚያው አሰሩት። እጃቸውን ሲያነሱ ወደ ክርን ይወርዳል፤ ሲያወርዱ ወደ መዳፍ።

በማግስቱ ከአንጓው አጥንት ሁለት ጣት ያህል ወደ ላይ ከፍ አድርገን ጠበቅ አደረግነው። ደም እንዳያግድ ሆኖ፣ ግን እንዳይንሸራተት። ከመነሳታችን በፊትም አሥር ደቂቃ እጅጌ ያለው ልብስ ለብሰው ቀስ ብለው እንዲራመዱ አደረግሁ፤ እጃቸው እንዲሞቅ። ቁልቁለቱ ላይ ሰዓቱ 104 አለ። ጣቴ 100። ከዚያ መሀል ላይ ለሁለት ደቂቃ ያህል እንደገና 150 ቤት ገባና ተመለሰ። ሙሉ በሙሉ አልዳነም፤ ግን ተሻሻለ።

ለማረጋገጥ ከአንድ የረጅም ርቀት ሯጭ ወዳጄ የደረት ቀበቶ ተዋስኩ። ይህ በብርሃን አይሠራም። ልብ ሊመታ ሲል የሚያወጣውን ኤሌክትሪክ ከደረት ቆዳ ላይ ይይዛል። ሽቦ አልባውን ዓይነት ፖላር የተባለው የፊንላንድ ኩባንያ በ1980ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ለገበያ ካቀረበው ወዲህ የአሠልጣኞች ዋና መሣሪያ እሱ ነው። እንቅስቃሴ ላይ ከእጅ ሰዓት ይበልጥ ይታመናል።

እሱ ደግሞ የራሱን ጉድ አሳየን። ገና ሳንነሳ፣ ጋሼ ቆመው እያለ፣ ስልኬ ላይ 214 አለ። ጋሼ ስልኩን አዩ። እኔን አዩ። «ኢናሊላሂ» አሉ።

«አብሽሩ ጋሼ፣ ጨርቁ ነው።»

የእውነትም ጨርቁ ነበር። ቀበቶው እርጥበት ይፈልጋል። ላብ ሳይወጣ፣ በደረቅ ብርድ፣ ደረቅ ቆዳ ላይ ሲታሰር ምልክቱ ይቆራረጣል። የፖሊስተር ማልያ ደግሞ በነፋስ ሲርገበገብ ኤሌክትሪክ ይፈጥራል፤ ሹራብ ስታወልቁ ጠስ ጠስ የሚለው ዓይነት። ቀበቶው እሱንም እንደ ልብ ምት ይቆጥራል። የቀበቶውን ላስቲክ በውሃ አራስነው። ማልያውን በጥጥ ካናቴራ ቀየሩ። «ሰው ሲያዘኝ ጥጥ ይሻላል የምለው ለምን ሆነና» አሉ። ከዚያ በኋላ ቀበቶው ልክ ሆነ። ዳገቱ ላይ 117 እና 122። ቁልቁለቱ ላይ ከ94 እስከ 101።

ቁልቁለቱ ተፈታ። ልባቸው አልተገለበጠም። ዳገቱ ግን አሁንም አለ።

የ27 ዓመት ሴት

ግራጫው ቀለም ነበር የከነከነኝ። 116 ለ56 ዓመት ሰው እንዴት «ቀላል» ይሆናል? ሰዓቱ ቀለም የሚሰጠው ከፍተኛውን የልብ ምት ከገመተ በኋላ ነው። አብዛኛው ሰዓት ከ220 ላይ ዕድሜን ይቀንሳል። ለጋሼ 164 ይመጣል። ከዚያ ቁጥሩን በመቶኛ ይከፋፍለዋል፦ ከ50 እስከ 60 በመቶ አንደኛ ዞን፣ ከ60 እስከ 70 ሁለተኛ፣ እንዲህ እያለ እስከ አምስተኛ። 116 የ164 71 በመቶ ስለሆነ ሦስተኛ ዞን መሆን ነበረበት።

ስልካቸውን ተቀብዬ አፑን ከፈትኩ። ፕሮፋይል የሚለውን ነካሁ። ሴት፣ 27 ዓመት።

ልጃቸው ናት። ሰዓቱን ገዝታ፣ ሠርቶ እንደሆነ ለማየት በራሷ ስም ከፍታ፣ ከዚያ ለአባቷ ላከችው። ሰዓቱ ሁለት ወር ሙሉ ጋሼን የ27 ዓመት ሴት አድርጎ ነው ሲገመግማቸው የቆየው። በእሷ ዕድሜ ጣሪያው 193 ነው፤ 114 ከ60 በመቶ በታች ይሆናል። አንደኛ ዞን፤ ግራጫ። ጋሼ በጣም ሳቁ። ከዚያ ትንሽ ዝም አሉ። «እኔ እኮ ግራጫውን ለማጥፋት ነው እንደዚያ ስፈጥን የከረምኩ» አሉ።

ይሄ ነው የሚያስፈራው። ቁልቁለቱ ላይ የታየው ከፍተኛ ቁጥር አስደንግጧቸዋል እንጂ አልጎዳቸውም። ዳገቱ ላይ የታየው ዝቅተኛ ቁጥር ነው ሲገፋቸው የቆየው።

ዕድሜውን አስተካከልን። ዳገቱ ወደ ሦስተኛ ዞን ከፍ አለ። የሚገርመው፣ ሰዓቱ እግር መቁጠር ሲጀምረው ቁልቁለቱ ከብርቱካናማ ወደ ቀይ ተሸጋገረ፤ 161 የ164 98 በመቶ ነዋ። አንዱን ስህተት ስናርም ሌላው ይበልጥ አስፈሪ ሆነ። ምክንያቱን አስቀድመን ባናውቅ ኖሮ «ጭራሽ ባሰበት» እንል ነበር።

ስለ 220 አንድ ነገር ልበል፤ ሰው እንደ ሕግ ስለሚይዘው። ይህ ቀመር በ1971 እ.ኤ.አ. ፎክስና ባልደረቦቹ ካሳተሙት ጽሑፍ ጋር ነው የሚያያዝ። የተለያዩ ጥናቶችን ውጤት አይተው ያወጡት ግምት ነው፤ ለእያንዳንዱ ሰው ልክ እንዲሆን ተብሎ አልተሠራም። በ2001 እ.ኤ.አ. ታናካና ባልደረቦቹ ሌላ አቀረቡ፤ ዕድሜን በ0.7 አባዝቶ ከ208 መቀነስ። ለጋሼ 169 ይመጣል። የትኛውንም ብትወስዱ ከሦስት ሰው አንዱ ገደማ ከግምቱ ከ10 ምት በላይ ይርቃል። የሁሉንም ሰው ወገብ በዕድሜ ገምቶ ሱሪ መስፋት ነው። ጋሼ ይህን ምሳሌ ወደዱት። አንዳንዱ ይልከዋል፤ ሌላው አይገባውም።

ያም ሆኖ ሦስተኛ ዞን ማለት መካከለኛ ጥረት ማለት ነው። በመካከለኛ ጥረት ሰው ወሬ አያቅተውም። ጋሼ «አንድ… ሱሪ…» ነበር ያሉት። የጥያቄ ምልክቱ ከደብተሬ አልጠፋም።

እቺማ የዘወትር ናት

ሦስተኛው ሳምንት ላይ ሱቃቸው ቡና ጠሩኝ። ሁለተኛው እየተቀዳ የሲንጀሩን መሳቢያ ሳቡ። ክር፣ ቁልፍ፣ ጠመኔ፣ ቀንድ የመሰለ አሮጌ መቀስ። ከመሀሉ የብር ቅጠል የመሰለ የኪኒን ማሸጊያ አወጡ። አንዷን ፈልቅቀው በውሃ ዋጡ።

«ምንድን ናት ጋሼ?»

«እቺማ የግፊቷ ናት።»

«መድኃኒት አልወስድም ብለውኝ ነበር እኮ።»

«እንዴ! መድኃኒትማ ሲያምህ የምትወስደው ነው። እቺ የዘወትር ናት፤ ሁለት ዓመቷ።»

አልዋሹኝም። ጥያቄዬ ነው የተሳሳተው። «በየቀኑ የሚውጡት ኪኒን አለ?» ነበር ማለት የነበረብኝ። አሁን ማንንም ስጠይቅ እንደዚያ ነው የምጠይቅ።

ማሸጊያው ላይ አቴኖሎል ይላል። የዳገቱ እንቆቅልሽ እዚያው ተፈታ። ስንንቀሳቀስ አድሬናሊን ልብን «ፍጠን» ብሎ ያንኳኳል። አቴኖሎልና መሰሎቹ፣ ሜቶፕሮሎልና ፕሮፕራኖሎል፣ የሚያንኳኳበትን በር ይይዛሉ። ሰውዬው ተቀምጦም ልቡ ይዘገያል፤ ሲጥርም ጣሪያው ይወርዳል። በምን ያህል? እንደ ሰዉና እንደ መጠኑ ይለያያል። ስለዚህ የ220ም የ208ም ቀመር አይሠራም። ልብ ጉድለቱን በከፊል የሚያካክሰው በእያንዳንዱ ምት ብዙ ደም በመግፋት ነው። የጋሼ 120 እንግዲህ ኪኒን ከማይወስድ ሰው 120 ጋር አንድ አይደለም። ለእሳቸው ወደ ጣሪያው የተጠጋ ነበር።

ሁሉም የግፊት ኪኒን እንዲህ አያደርግም። አምሎዲፒን፣ ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ልብን በዚህ መልኩ አይዙትም። ስሙን ማንበብ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ጋሼ ማብራሪያዬን ሰምተው ያልጠበቅሁትን አሉ። «እንግዲያማ ልቤን የያዘችብኝ እሷ ናት። አንድ ደንበኛዬም ተዋት ብሎኛል።»

ቡናዬን አስቀመጥኩ። ይህን ዓይነት ኪኒን በድንገት ማቆም አደገኛ ነው። ታግዶ የቆየው ሁሉ አንድ ጊዜ ይለቀቃል፤ ልብ ይፈጥናል፤ ግፊት ይወጣል፤ የልብ ደም ሥር መጥበብ ላለበት ሰው ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሀርት አታክ) እስከማስነሳት ይደርሳል። ማቆምም ሆነ መቀየር የሐኪም ሥራ ነው። «ደንበኛዎ ልብስ ያሰፋ እንጂ ኪኒን አይለካ» አልኳቸው።

በዚያው ሳምንት ደብተሬን ይዘን ወደሚከታተሏቸው ሐኪም ሄድን። ኢሲጂ (የልብን ኤሌክትሪክ የሚያሳይ ምርመራ) ተነሱ። ሐኪሙ ቁጥሮቹን አዩና ኪኒኑ እንዲቀጥል፣ እግር ጉዞውም እንዲቀጥል፣ ዳገቱ ላይ ግን ወሬ እስከሚያቅት ድረስ መግፋት እንዲቀር ነገሯቸው። የደረት ሕመም፣ ማዞር ወይም ቀዝቃዛ ላብ ከመጣ ወዲያው ቆሞ ወደ ሕክምና መምጣት ነው፤ ሰዓቱ ምንም ይበል ምን።

የራሳቸው ልክ

ከዚያ በኋላ ቀመሩን ትተን ጋሼን ራሳቸውን ለካን። ለሁለት ሳምንት ያደረግነው ይህን ነው፦ ጠበቅ ያለ ሰዓት፣ የረጠበ ቀበቶ፣ ወሬ። ሙሉ ዓረፍተ ነገር እየተናገሩ ሲወጡ ምታቸው ከ98 እስከ 106 ነው። 110 አልፎ ዓረፍተ ነገሩ መሀል ላይ ይቆረጣል። ከ114 በላይ ቃል በቃል ነው። በቃ፣ ዞናቸው ይኸው። አፑ ላይ ዞንን በእጅ ማስገባት ስለሚቻል አስገባነው።

ስዊድናዊው ጉናር ቦርግ የድካም ስሜትን ከ6 እስከ 20 የሚያስቆጥር መለኪያ ሠርቷል። ቁጥሩ በአሥር ሲባዛ የጤነኛን ሰው የልብ ምት እንዲጠጋ ታስቦ ነው፤ 12 ያለ ሰው 120 አካባቢ ይሆናል እንደማለት። ጋሼን 120 ላይ ስንት እንደሆኑ ብጠይቃቸው «አሥራ ሰባት» አሉኝ። ኪኒኗ ማባዣውን አፍርሳዋለች። ስሜታቸው ግን አልተሳሳተም።

አንድ ጥሩ ቁጥርም አገኘን። ላይ ደርሰው ቀስ እያሉ ሲራመዱ ከ118 በአንድ ደቂቃ ወደ 97 ወረደ። 21 ምት። በመጀመሪያው ደቂቃ 12 ወይም ከዚያ በታች ብቻ መውረድ ሐኪሞች የሚያሳስባቸው ነገር ነው። ኪኒን ያለበትን ሰው በዚህ ብቻ መመዘን አይገባም፤ ደብተር ውስጥ ግን ቦታ አለው።

ኮምቦልቻ ለሠርግ በሄዱ ጊዜም ሰዓቱን አስረው ነበር። ከደሴ ሐረጎን ወርደው ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ማለት ስለሆነ «እዚያ ይቀንስልኛል» ብለው ጠበቁ። በጠዋቱ ሜዳ ላይ በደህና ጀመረ። ፀሐይ ሲበረታ በዚያው እርምጃ ቀስ በቀስ አሥር ያህል ወጣ። ሙቀት ደምን ወደ ቆዳ ይስባል፤ ላብ የደሙን ውሃ ይቀንሳል፤ ልብ ቶሎ ቶሎ በመምታት ያካክሳል። በጾም ቀንም እንደዚሁ ነው። የሰዓት ስህተት አይደለም።

አንድ ጠዋት 71

አምስተኛው ሳምንት ላይ ደወሉልኝ። «መምህር፣ ዛሬ ደግሞ አብዷል። ከአልጋ ሳልወርድ 71 ይላል።»

የዘወትራቸው 54 ነበር። እኔም ብርዱን፣ አስተሳሰሩን አሰብኩ። ሰዓቱን መጠርጠር ለምደን ነበር። «በጣትዎ ይቁጠሩ» አልኳቸው። ሙሉ ደቂቃ ቆጠሩ። 72።

«ትኩሳት አለዎት?» የለም። «ትናንት ጫት የሚቃምበት ዱአ ላይ ነበሩ?» ጫት ልብን ያፈጥናል፤ ከበርጫ በኋላ የተለካ ምት ለማነጻጸሪያ አይሆንም። «ወላሂ አልቃምሁም።» ከዚያ ዝም አሉ። «እሷ ግን… አልቃብኝ ሁለት ቀን ሆናት። ፋርማሲው ነገ ይገባል፣ ነገ ይገባል እያለኝ…»

ሰዓቱ ልክ ነበር። ከሰው ቀድሞ ያወቀው እሱ ነው። በዚያው ጠዋት ጤና ጣቢያ ሄደው ግፊታቸው ሲለካ እሱም ወጥቶ ተገኘ። ኪኒኑ ከሌላ ፋርማሲ ተገዛ፤ በሐኪሙ ቃል እንደገና ጀመሩ። በቀናት ውስጥ የጠዋቱ ቁጥር ወደ 50ዎቹ ተመለሰ። አሁን ማሸጊያው ውስጥ አምስት ፍሬ ሲቀር ይገዛሉ።

ልጃቸው በኢሞ ደውላ «አባዬ፣ ሰዓቱ ይሠራል?» ብላ ጠየቀች፤ አጠገባቸው ነበርኩ። «ይሠራል። አንቺን አድርጎኝ ነበር እንጂ» አሏት።

ባለፈው ሳምንት አብረን ጦሳን ወጣን። ቀስ ብለን፣ እያወራን። ስንወርድ ነፋስ ነበር፤ እጃቸው በርዷል። ግማሽ መንገድ ላይ ሰዓቱ ተንቀጠቀጠ፤ 158፣ ቀይ። ጋሼ ቆሙ። ሁለት ጣታቸውን አንጓቸው ላይ አሳረፉ። ጨርቅ ሲለኩ እንደሚያደርጉት ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል።

«ሃያ አራት» አሉ። ማሰሪያውን አንድ ቀዳዳ ጠበቅ አደረጉና መውረዳቸውን ቀጠሉ።